ጎራዴው በየት በኩል?

ጥያቄ፦ 54 ሚሊ ሜትር የምትረዝም የፕላስቲክ ወታደር ይዤ የዓድዋ ዘማች ላደርጋት እየሞከርኩ ነው። ለምዱን በኢፖክሲ ፑቲ (ሁለት ሊጥ ተደባልቆ በሚጠነክር መቅረጫ) ስሠራ እጄ ላይ ይጣበቃል፤ ጸጉሩም ጭቃ ይመስላል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱን የፑቲ ሊጦች እኩል አድርገው ወጥ ቀለም እስኪይዝ ያሹና ግማሽ ሰዓት ያህል ይተዉት። እኔ በችኮላ ሁለት ለምድ አበላሽቻለሁ። ጣትዎንና መርፌዎን ውሃ እያስነኩ፣ ጸጉሩን ከታች ጀምረው ወደ ላይ በአጭር በአጭሩ ይጫሩት። ቡትሱን በምላጭ ልጠው ጣቶቹን ያውጡለት፤ የ1888ቱ ዘማች አብዛኛው በባዶ እግሩ ነው የተዋጋው። ጎራዴውን ግን አደራ! የእኛ ሰው የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነበር። የፋብሪካው ወታደር በግራ ስለሚያንጠለጥል፣ ለምዱን ከማልበስዎ በፊት ቆርጠው ያዛውሩት።