«ኢንቮልቭ» የሚለው ግስ ምንጩና አጠቃቀሙ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምሠራው በትራንስፖርት ድርጅት ስምሪት ክፍል ሲሆን የአደጋ ሪፖርት የምናቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። «ሂ ኢንቮልቭድ ኢን ዚ አክሲደንት» ብዬ ስጽፍ ሁልጊዜ ይታረምብኛል። እኔ የማውቀው ቃሉ «ተሳተፈ» ማለት መሆኑን ነው። ስህተቱ ምኑ ላይ ነው? ቃሉስ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከምንጩ እንጀምር፤ ሰዋስው ላይ የገጠመዎትን ችግር የሚፈታልዎ እሱ ነውና። ቃሉ የላቲን ነው። «ኢን» ወደ ውስጥ፣ «ቮልቬሬ» ማንከባለል ወይም መጠቅለል ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ «ጠቅልሎ ማስገባት» ይሆናሉ። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ሲሆን ያኔ መጠቅለልን፣ መሸፈንን ያመለክት ነበር። በነገር ውስጥ ማስገባት የሚለው ትርጉም ከዚያ የመጣ ነው። ዘመዶቹን ያውቋቸዋል፦ ሪቮሉሽን፣ ኢቮሉሽን፣ እንዲሁም በጥንት ጊዜ የብራና ጥቅልል የነበረው «ቮልዩም»። በመንገድ ላይ የሚያዩት «ቮልቮ» እንኳ በላቲን «እሽከረከራለሁ» ማለት ነው።

እንግዲህ ኢንቮልቭ «ጠቀለለ» ከሆነ ተሻጋሪ ግስ ነው፤ የሚጠቀለል ነገር ይፈልጋል። በአማርኛ «ሕፃኑ በፎጣ ጠቀለለ» አይባልም፤ «ተጠቀለለ» ነው የሚባለው። የእርስዎም ዓረፍተ ነገር የጎደለው ያቺው «ተ» ናት። «ተሳተፈ» ላይ «ተ» አስቀድማ ስላለች ግሱ የተሟላ ይመስላል፤ በእንግሊዝኛ ግን ሥራዋን የሚሠራው «ዎዝ» ነው። ትክክለኛው «ሂ ዎዝ ኢንቮልቭድ ኢን ዚ አክሲደንት» ነው። ባለቤቱ አደጋው ራሱ ከሆነ «ዎዝ»ም «ኢን»ም አያስፈልጉም፦ «ዚ አክሲደንት ኢንቮልቭድ ቱ ትራክስ» ቢሉ አደጋው ሁለት የጭነት መኪኖች ያሉበት መሆኑን ገለጹ ማለት ነው። ሰውየው ስብሰባ ወይም ሥልጠና ላይ በእርግጥ ከተሳተፈ ደግሞ «ፓርቲሲፔትድ ኢን» ይበሉ፤ እሱ ያለ «ዎዝ» ይቆማል።

ጥያቄ፦ ሾፌሩ «ኢንቮልቭድ» ነው ከተባለ ጥፋተኛ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ይህን ማወቅ ለሪፖርት ጸሐፊ ትልቅ ነገር ነው። መብራት ይዞት ቆሞ ሳለ ከኋላ የተገጨ ሾፌርም «ኢንቮልቭድ» ነው። ቃሉ በነገሩ ውስጥ መኖሩን እንጂ ማን እንዳጠፋ አይናገርም። ስለዚህ «እጁ አለበት» ብሎ መተርጎም ሰው ይጎዳል። ጥርጣሬን የሚያዝለው «ኢምፕሊኬትድ» ነው፤ «ማጠፍ» ከሚል የላቲን ግስ የመጣ ሲሆን ሰው በወንጀል ወይም በጥፋት መነካካቱን ይገልጻል። ማስረጃ በእጅዎ ከሌለ አይጻፉት።

ጥያቄ፦ ከ«ኢንቮልቭ» ቀጥሎ ምን ይመጣል?

መልስ፦ ሌላ ግስ ካስከተሉ በ«ኢንግ» የሚያልቀውን ይጠቀሙ። «ዘ ጆብ ኢንቮልቭዝ ትራቭሊንግ» ማለት ሥራው ጉዞ አለበት ማለት ነው፤ «ቱ ትራቭል» ስህተት ነው። «ኢንቮልቭድ» ላይ ደግሞ ነገር ከሆነ «ኢን»፣ ሰው ወይም ድርጅት ከሆነ «ዊዝ» ይከተላል። ሰው ከሰው ጋር «ኢንቮልቭድ ዊዝ» ሲባል ብዙ ጊዜ የፍቅር ግንኙነት ስለሚያስመስል ለሥራ ባልደረቦች «ወርክስ ዊዝ» ይሻላል።

የቃሉ ቦታም ትርጉም ይለውጣል። «ዘ ድራይቨርስ ኢንቮልቭድ» ሲሉ በአደጋው ውስጥ የነበሩትን ሾፌሮች ማለትዎ ነው፤ ከስሙ አስቀድመው «አን ኢንቮልቭድ ሪፖርት» ካሉ ግን ውስብስብ ሪፖርት ማለት ነው። ለእርስዎ ሥራ ከስሙ በኋላ ያስቀምጡት።