ልጄን ማን ይይዝልኛል? ብቻችንን ልጅ እያሳደግን ወደ አሜሪካ ጦር ስለመግባት፦ ጥያቄና መልስ

በዲቪ አሜሪካ ገብቼ፣ የ4 ዓመት ልጄን ብቻዬን እያሳደግሁ በተጠባባቂ ጦር ተመዘገብሁ። ዛሬ ሳጅን ነኝ፤ ልጄም 15 ዓመት ሞልቷታል። ሰሞኑን ከእናቶችም ከአባቶችም ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የማውቀውን እነሆ። መመሪያ ይለዋወጣልና መልማዩ የሚነግራችሁን ሁሉ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ተፋትቻለሁ፤ የ6 ዓመት ወንድ ልጄን ብቻዬን ነው የማሳድገው። መደበኛው ጦር ይቀበለኛል?

እህቴ፣ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠሽ በስተቀር አይቀበልሽም። ያላገባና ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በእጁ ያለ ሰው ለመደበኛ አገልግሎት ብቁ እንዳልሆነ የምልመላው መመሪያ ይናገራል። ጭካኔ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። የምድር ጦር መሠረታዊ ሥልጠና 10 ሳምንት ነው፤ በዚያ ጊዜ ስልክሽ እንኳን በእጅሽ አይሆንም። ከዚያ የሙያ ሥልጠና ይቀጥላል። ከዚያም ቤተሰብ ይዘሽ የማትሄጂበት፣ ለምሳሌ ኮሪያ ለአንድ ዓመት፣ ምደባ ሊመጣ ይችላል።

በተጠባባቂ ጦርና በናሽናል ጋርድ (በየግዛቱ ባለው የብሔራዊ ዘብ ጦር) በሩ ሰፋ ይላል። እኔም የገባሁት በዚያ ነው። በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ታገለግያለሽ ይባላል። ይህ ግን ከሥልጠና በኋላ ያለው ኑሮ ነው። ሥልጠናው ራሱ ያው ነው፤ እኔ ከልጄ ተለይቼ አምስት ወር ገደማ ቆይቻለሁ።

ጥያቄ፦ መልማዩ «አሳዳጊነቱን በፍርድ ቤት ለእናትህ አስተላልፍ፤ ሥልጠናውን ስትጨርስ ትመልሰዋለህ» አለኝ። ይሻላል?

ወንድሜ፣ «ትመልሰዋለህ» የሚለው ቃል ነው ያስደነገጠኝ። አሳዳጊነቱን አስተላልፈህ ስትመዘገብ፣ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዘመንህ ልጁን መልሰህ የመውሰድ ሐሳብ እንደሌለህ ትፈርማለህ። ፈርመህ ወዲያው ብትወስደው በማጭበርበር እንደተመዘገብህ ሊቆጠር ይችላል። ያኔ ተጠያቂው አንተ እንጂ መልማዩ አይደለም።

ሌላም ብዙ ሰው ያላሰበው ነገር አለ። አንተ ዜግነት ስታገኝ ግሪን ካርድ ያለው ልጅህ በራሱ ጊዜ ዜጋ የሚሆነው ከ18 ዓመት በታች ሆኖ፣ አሜሪካ ውስጥ በአንተ ሕጋዊና አካላዊ አሳዳጊነት ሥር የሚኖር ከሆነ ነው። አሳዳጊነቱን በፍርድ ቤት ካስተላለፍህ ያንን ክር ራስህ በጠስኸው ማለት ነው። ፍርድ ቤት ከመሄድህ በፊት የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ አማክር። እባክህ።

ጥያቄ፦ ልጄ ደሴ እናቴ ጋ ናት። እዚህ ስለሌለች ባልናገርስ?

ተናገሪ። ልጅን ደብቆ መመዝገብ በወታደራዊ ሕግ ወንጀል ነው። ነገ ልጅሽን ለማስመጣት ስታመለክቺ፣ በአንዱ ፋይል «ልጅ የለኝም» ብለሽ በሌላው «ልጄ ናት» ብለሽ ፈርመሽ ትገኛለሽ። የልጅቷን የልደት ምስክር ወረቀትና የአሳዳጊነት ውሳኔ ካለ አስተርጉመሽ ይዘሽ ቅረቢ። እውነቱን ስለተናገርሽ ጉዳይሽ ቢጓተት እንኳን ይጓተት።

ጥያቄ፦ ለወረቀት ያህል ባገባስ?

አይሆንም። ለጥቅም ሲባል የተፈጸመ የሐሰት ጋብቻ በውትድርናም በኢሚግሬሽንም ያስቀጣል፤ ግሪን ካርድሽንም ሊያሳጣሽ ይችላል።

ጥያቄ፦ የቤተሰብ እንክብካቤ ዕቅድ የሚባለው ምንድን ነው? አንድ ቅጽ ሞልቼ የምጨርሰው ነገር ነው?

አንቺ ስትርቂ ልጅሽን ማን እንደሚይዝ ለአዛዥሽ የምታቀርቢው የጽሑፍ ዕቅድ ነው። የሁሉም ነገር ማዕከል እርሱ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሁለት ዓይነት ሰው ትሰይሚያለሽ። አንዱ የአጭር ጊዜ ተንከባካቢ ነው፦ አጠገብሽ የሚኖር፣ በሌሊት ብትጠሪ እንኳን ልጁን ተቀብሎ የሚያሳድር። ሌላው አንቺ ለወራት ስትርቂ ልጁን የሚይዝ የረጅም ጊዜ ተንከባካቢ ነው። ሁለቱም ወታደር ያልሆኑና 21 ዓመት የሞላቸው መሆን አለባቸው፤ ኃላፊነቱን መቀበላቸውንም በፊርማቸው ያረጋግጣሉ። ከዚያ ውክልና፣ የሕክምናና የትምህርት ቤት ወረቀት፣ ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚደርሳቸው፣ ተንከባካቢው ሩቅ ከሆነ ልጁን ማን እንደሚያደርሰው ሁሉ ይጻፋል። አዛዥሽ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ያየዋል። ዕቅድ ማቅረብ ያልቻለ ወታደር ሊሰናበት ይችላል።

የእኔ የመጀመሪያ ዕቅድ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። የረጅም ጊዜ ተንከባካቢ ያደረግኋት የአክስቴን ልጅ ነበር። ለሥልጠና ልሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ የሌሊት ሥራ አገኘች። እርሷም እያለቀሰች፣ እኔም እያለቀስሁ ነበር የተነጋገርነው። ያዳኑኝ በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት ናቸው። «አምስት ወር ምን አላት!» ብለው ልጄን ተቀበሉኝ።

ለእርሳቸው አንድ ቢጫ ደብተር ጻፍሁላቸው። ጦሩ ያልጠየቀው፣ ልጄ ግን የሚያስፈልጋት ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። አስሟ ሲነሳ መድኃኒቱን በየትኛው መንፊያ እንደምትወስድ፤ ፀጉሯ ቅዳሜ ማታ እንደሚታጠብና እርጥብ ሳለ ካልተበጠረ እንደምትጮህ፤ ሽሮ ስትበላ እንጀራውን ለብቻ እንደምትፈልግ። ስመለስ ደብተሩ በሽሮ ተበክሎ፣ ዳሩ ተጣጥፎ አገኘሁት። በእርሳቸው የእጅ ጽሑፍ «ጥርሷ ዛሬ ወለቀ» የሚል ተጨምሮበት ነበር። እስከ ዛሬ አልጣልሁትም።

ጥያቄ፦ የልጄ አባት «ውትድርና ከገባሽ ልጁን እወስዳለሁ» ይለኛል።

ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ባለው የፌዴራል ሕግ፣ ፍርድ ቤት ወታደር ለግዳጅ መራቁን ብቸኛ ምክንያት አድርጎ አሳዳጊነትን በቋሚነት ሊቀይር አይችልም። ይህ ይጠቅምሻል። ሆኖም ዕቅድሽ የአባትየውን መብት አይሽርም። ልጁን ለእናትሽ ልትሰጪ ከሆነ የእርሱን የጽሑፍ ስምምነት ለማግኘት ሞክሪ፤ እምቢ ካለ ወይም አድራሻው ከጠፋ ምክንያቱን በዕቅዱ ላይ ታስረጃለሽ። አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል ብለሽ አትተዪው።

ጥያቄ፦ ዜግነት ቶሎ ይገኛል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከመስከረም 2001 ወዲህ ያለው ጊዜ በሕጉ እንደ ግጭት ጊዜ ስለሚቆጠር፣ በክብር የሚያገለግል ሰው አምስት ዓመት መጠበቅ የለበትም፤ የማመልከቻ ክፍያም የለውም። ግን በዚህ ምክንያት ብቻ ልጅህን ትተህ ለመሄድ እያሰብህ ከሆነ፣ እንደማንኛውም ሰው ዓመታቱን ጠብቀህ እንድታመለክት እመክርሃለሁ።

ጥያቄ፦ ጦሩ ውስጥ ነኝ፤ አርግዣለሁ፤ አባትየው የለም። ያሰናብቱኛል?

አያሰናብቱሽም። የመግቢያው ክልከላ ለአዲስ ተመዝጋቢ ነው። ዕቅዱን ግን ማዘጋጀት አለብሽ። በመደበኛ አገልግሎት ላይ ከሆንሽ፣ ከወለድሽ በኋላ የማገገሚያው ጊዜ ሳይቆጠር 12 ሳምንት የወላጅነት ፈቃድ አለሽ። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የምድር ጦር ለወለደች ወታደር ከወሊድ በኋላ ለአንድ ዓመት ግዳጅ ያዘገይላታል።

ጥያቄ፦ ግዳጅ መጥቶ ተንከባካቢዬ ብትከዳኝስ?

በ2009 ጆርጂያ ውስጥ የደረሰውን አስታውሳለሁ። አንዲት ብቸኛ እናት፣ የጦሩ ምግብ አብሳይ፣ ወደ አፍጋኒስታን ልትሄድ ስትል ልጇን ሊይዙላት የነበሩት እናቷ አልቻሉም። ሕፃኑ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ከአውሮፕላኑ ቀረች፤ ታሰረች፤ በመጨረሻም ጥቅማ ጥቅሟን ባሳጣት ሁኔታ ተሰናበተች። ስለዚህ የሚተካ ሦስተኛ ሰው ይኑርሽ። ነገሩ ሲናጋ ደግሞ በዚያው ቀን ለአዛዥሽ በጽሑፍ አሳውቂ፤ ጊዜ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። መጥፋት ግን መፍትሔ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ልጄ ውትድርና ልትገባ ነው። የልጅ ልጄን እንድይዝ ፈርሚ ትለኛለች። እንግሊዝኛ እምብዛም አልችል። ምን ላድርግ?

እናቴ፣ ከመፈረምዎ በፊት ወረቀቱን በአማርኛ ያስነብቡ፤ ልጅዎ ተርጉማ ብትነግርዎም ሌላ ሰው ይድገምልዎ። ጤናዎ፣ የቤት ኪራይዎና ወደ ኢትዮጵያ ለመሄድ ያሰቡበት ጊዜ ካለ አይደብቋት፤ ዛሬ «አልችልም» ቢሏት በሰላም ሌላ ሰው ትፈልጋለች። እሺ ካሉ ደግሞ ልጅዎ ሳትሄድ አብራችሁ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሂዱ፤ ልጁን የሚወስዱት እርስዎ እንደሆኑ ስምዎ ይመዝገብ። ሐኪም ቤቱም እንዲሁ። ውክልናው ላይ ስምዎ ልክ በመታወቂያዎ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ፤ የእኛ ስም በአንድ ፊደል ልዩነት ብቻ ሲያስመልስ አይቻለሁ። ሁለት ቅጂ ያስቀምጡ፤ አንዱ ቦርሳዎ ውስጥ፣ አንዱ ጎረቤት ቤት።