ካፒቴኑን ቀስቅሱት

ባሕር ዳር የመርከበኝነት ትምህርት ተምራችሁ መርከብ የምትሳፈሩበትን ቀን የምትቆጥሩ ልጆቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ ጣሊያናዊ የባሕር ኃይል መኮንን ላጫውታችሁ። ፊታችሁ እንደሚጠቁር አውቃለሁ፤ አባቴም ቢሰሙ አይወዱልኝም ነበር። ሰውየው ያገለገለው የሙሶሊኒን መንግሥት ነው። ነገሩ በሆነበት በኦክቶበር 1940 (እ.ኤ.አ.) አርበኞቻችን ገና በየዱሩ ነበሩ። ይህን ሳልረሳ ነው የምነግራችሁ።

ስሙ ሳልቫቶሬ ቶዳሮ ነው። መሲና ተወልዶ ሊቮርኖ በሚገኘው የባሕር ኃይል አካዳሚ ተማረ። በ1933 (እ.ኤ.አ.) በአውሮፕላን አደጋ አከርካሪው ተጎዳና እስኪሞት ድረስ ኮርሴት፣ ማለትም ወገብ የሚደግፍ ጠንካራ መታጠቂያ፣ ታጥቆ ኖረ። ሰርጓጅ መርከብ ማለት ጎንበስ ቀና እያሉ፣ በጠባብ መሰላል እየወጡና እየወረዱ የሚኖሩበት የብረት ቱቦ ነው። በዚያ ወገብ!

አትላንቲክ ላይ ካፔሊኒ የተባለውን ሰርጓጅ ይዞ ካባሎ የምትባል የቤልጂግ የጭነት መርከብ አገኘና በመድፍ አሰጠማት። ልብ በሉ፣ ያሰጠማት ራሱ ነው። 26 ሰዎች በነፍስ አድን ጀልባ ላይ ቀሩ። ትቷቸው ቢሄድ ከአለቆቹ ማንም አይጠይቀውም ነበር። እሱ ግን ጀልባዋን በገመድ አስሮ ይጎትት ጀመር።

ሰው የሚያደንቀው ውሳኔውን ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ገመዱ ነው። ጀልባ ጎትታችሁ ስታዩ ይገባችኋል። ማዕበል በመጣ ቁጥር ገመዱ ይላላል፣ ከዚያ ድንገት ይወጠራል። ሌት ተቀን ዓይኑን ከገመዱ ላይ የማይነቅል ሰው ከኋላ መቆም አለበት። በመጨረሻ ጀልባዋ አልቻለችም፤ ሰዎቹን ወደ ሰርጓጁ አወጣቸው። የሰርጓጅ መሸሸጊያው ውኃው ነው፤ ላዩ ላይ ሰው ተሸክሞ ግን መጥለቅ አይችልም። እንግሊዞች ቢያዩት አለቀለት። እንደዚያ ሆኖ የፖርቱጋል ደሴቶች እስከሆኑት አዞረስ ድረስ ሄዶ፣ ሳንታ ማሪያ ደሴት አወረዳቸው። ጀርመኖቹ አጋሮቹ አልወደዱለትም። በጃንዋሪ 1941 ደግሞ ሼክስፒር የተባለችውን የእንግሊዝ መርከብ አሰጥሞ የተረፉትን ኬፕ ቨርዴ አደረሳቸው። እሱ ራሱ በዲሴምበር 1942 ቱኒዚያ አጠገብ፣ ላ ጋሊት ደሴት ዳር፣ መርከብ ውስጥ እንቅልፍ ላይ ሳለ ከአውሮፕላን በተተኮሰ ጥይት ሞተ። ገና 34 ዓመቱ ነበር።

ይህን የማነሳው በራሴ ምክንያት ነው። ሦስተኛ መኮንን ሳለሁ፣ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ፣ የሌሊት ዋች (የጥበቃ ተራ) ይዤ፣ መርከቡ በሚመራበት ክፍል፣ ብሪጅ ላይ ቆሜያለሁ። በስተግራ ደካማ ብርሃን ታየኝ፣ ጠፋ፣ እንደገና ታየ። ራዳሩ ላይ ምንም የለም። ዓሣ አጥማጅ ነው አልኩ። ካፒቴኑ ያን ቀን ቶሎ የሚቆጣ ሆኖ ነበር የዋለው፣ ገና መተኛቱም ነበር። ስልኩን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ብርሃኑ ወደ ኋላችን ቀረ።

ቶዳሮ ጠላቱን ለማዳን መርከቡን አደጋ ላይ ጥሏል። እኔ የፈራሁት አንድ ቁጣ ነበር።

እናንተ ቀስቅሱት። ይቆጣ። ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ከተገኘ ጠዋት ቁርስ ላይ ይሳቅባችሁ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ዓሣ አጥማጅ ይሁን ሌላ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ዋቹን ሳስረክብ በመዝገቡ ላይ «ሁሉም ደህና» ብዬ ፈርሜያለሁ።