ጋሼ፣ 3 ሰዓት ይበቃኛል?

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ለእረፍት ገጠር ወርዳለች። «ጋሼ፣ ነገ ኮረብታው ላይ ልወጣ ነው። ደርሶ መልሱ 15 ኪሎ ሜትር ነው። 3 ሰዓት ይበቃኛል አይደል?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ይህንኑ ስሌት እኔም በጉብዝናዬ ሠርቼዋለሁ፤ ያውም ቀያሽ ሆኜ።

የመሬት ከፍታ ለክቶ ካርታ ላይ ማስፈር እንጀራዬ ነበር። ያን ጊዜ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ለእረፍት ወጥተናል። ካርታውን ዘርግቼ መንገዱን በክር ለካሁት። 15 ኪሎ ሜትር። በሰዓት 5 ብንሄድ 3 ሰዓት። በቃ! ካርታው ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን የከፍታ መስመሮች ግን አልቆጠርኳቸውም። 900 ሜትር ሽቅብ ነበር። ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣውን ስሌት ለጀማሪዎች የማስረዳው እኔው ነኝ፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ደግሞ ሌላ 1 ሰዓት። በዚህ ከሄድን አራት ሰዓት ተኩል ነው፤ ያውም ሳያርፉ።

ቁርስ ላይ ወሬ አብዝተን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ተነሳን። 9 ሰዓት ላይ አናቱ ታየን። ደረስንበት። ከጀርባው ሌላ አናት! ጉም መውረድ ጀምሯል። «እንመለስ» አለኝ። «ደርሰናል እኮ» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። እኔም ደገምኩት። ጫፉ ላይ ስንቆም 10 ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ነፋሱ በስስ ሸሚዝ አይቻልም። የታየን ነገር ጉም ብቻ።

ቁልቁለቱ ላይ መሸብን። ባትሪ አልያዝንም። ባልደረባዬን ድንጋይ ከዳውና ጉልበቱ ዞረ። ደግፌው ስንደርስ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። የት እንደሄድን ለማንም ስላልነገርን የፈለገን ሰውም አልነበረም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የቢሮውን ደረጃ በጎኑ ነበር የሚወርደው። እኔ ሁልጊዜ ከኋላው እቀር ነበር።

ውሃ ያዙ፣ የለመዳችሁትን ጫማ አድርጉ አልላችሁም። የዛሬ ልጆች ግን ስልክ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ነጥብ ተከትላችሁ ትነዳላችሁ፤ ካርታ አንብቡ ስትባሉ ትስቃላችሁ። ብርድ ባትሪውን ሲጨርሰው ምን ልትሆኑ ነው? ለነገሩ ያን ምሽት ያቺ ነጥብ ብትኖረኝ እጇን እስም ነበር። ካርታ አንባቢው እኔ አይደለሁ ጉድ የሠራሁት?

የመመለሻ ሰዓታችሁን ግን ጠዋት ቁረጡ፤ እዚያ ላይ ከሆናችሁ የሚቆርጠው እልህ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ጫፉ 10 ሜትር ቢቀረውም ዙሩ። ያን ሰዓት እቤት ለሚቀር ሰው ንገሩት። ፊሽካም ያዙ። በ1 ደቂቃ 6 ጊዜ ነፍቶ 1 ደቂቃ ማረፍ፣ ከዚያ መድገም፣ የተራራ የድረሱልኝ ጥሪ ነው።

«ሽቅቡ ስንት ሜትር ነው?» አልኳት የእህቴን ልጅ።

«የምን ሽቅብ?»

ካርታውን እስክታመጣ ጠበቅኳት። ከዚያ መስመሮቹን አንድ በአንድ በስልክ ቆጠርን።