ጉርብትና፣ ቡናና ጤና፦ ጥያቄዎቻችሁን እየመለስኩ ነው

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ የምሠራ ነርስ ነኝ። መጀመሪያ ገጠር ጤና ጣቢያ፣ እናቶች ክፍል ነበርኩ። አሁን የስኳርና የግፊት ክትትል ላይ ነኝ። ባለፈው «ብቻቸውን የሚኖሩ ታካሚዎቼ መድኃኒት ቶሎ ያቋርጣሉ» ብዬ ስጽፍ ጥያቄው ጎረፈ። ዛሬ እረፍቴ ስለሆነ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን እመልሳለሁ። የጠያቂ ስም አልጽፍም፣ ሰፈር ይበቃል።

ከመርካቶ፦ ሲስተር፣ «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚባለው በሕክምናም ይሠራል ወይስ ለማጽናናት ያህል ነው?

ይሠራል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ሥራ 148 ጥናቶችን ሰብስቦ፣ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎችን መረጃ አይቷል። ከሰው ጋር ጠንካራ ትስስር ያላቸው ሰዎች ጥናቶቹ በተካሄዱበት ጊዜ ውስጥ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ትስስራቸው ከላላው በ50 በመቶ በልጦ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰው አንዱን ብቸኝነት እንደሚያጠቃው፣ በዓመትም ወደ 871 ሺህ የሚጠጋ ሞት ከዚሁ ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ብቸኝነት የከበደው ሰው ሰውነቱ ዘብ እንደቆመ ነው ውሎ የሚያድረው። ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ከፍ ይላል፣ ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል። ይህ ለዓመታት ሲቀጥል ልብና የደም ሥር ይጎዳል። እኔ ግን በየቀኑ የማየው ከሆርሞን በጣም የቀለለ ነገር ነው። ቤቱ ውስጥ «ክኒንህን ዋጥክ ወይ?» የሚለው ሰው ያለው ታካሚ ቀጠሮ ብዙም አያሳልፍም። የሌለው ደግሞ ሲሻለው ያቆማል፣ ከዚያ እኛ ጋ በድንገተኛ ይመጣል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ከጎንደር ነው የመጣሁት። ዶርም ውስጥ ስድስት ነን፣ ግን እንደኔ ብቸኛ ያለ አይመስለኝም። ምን ሆኜ ነው?

ምንም አልሆንክም ወንድሜ። ብቻ መሆንና ብቸኝነት ይለያያሉ። ብቻውን ኖሮ ደስ ብሎት የሚያድር አለ፣ ስድስት ሰው መሃል ተኝቶ የሚጨነቅም አለ። ቁም ነገሩ የሰው ብዛት አይደለም፤ ስትቀር «የት ሄደ?» የሚል ሰው መኖሩ ነው። አንድ ቀን ሳትመጣ ብትቀር ማን ይፈልግሃል? እስቲ አስበው። ማንም ትዝ ካላለህ ከአንድ ሰው ጀምር። በሳምንት አንድ ቀን፣ የታወቀ ሰዓት፣ የታወቀ ቦታ። አብራችሁ ኳስ ተጫወቱ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሂዱ፣ ከግቢ በር ላይ ሻይ ጠጡ፣ የፈለጋችሁትን። ወሬ ባይኖራችሁም ሂድ፤ መላመድ የሚመጣው በመደጋገም ነው። ግን ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለህ፣ ወይም መኖር ካስጠላህ፣ ይሄ የጓደኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ግቢው ክሊኒክ ሂድና ንገራቸው። ዛሬውኑ።

ከቆጪ፦ የጎረቤት ቡና ለጤና ጥሩ ነው ትያለሽ። ሐሜቱስ? እኔ በሐሜት ምክንያት ነው የተውኩት።

አውቃለሁ እህቴ፣ ሐሜት ያቆስላል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ።

እኛ ሰፈር ሦስት ቤት በየተራ ቡና እናፈላለን። እያንዳንዷ የለመደችው በርጩማ አላት። አንዲት እናት አለች፣ የእሷ በርጩማ አንዱ እግሩ አጠር ስለሚል ሁልጊዜ በሩ ጥግ፣ ወለሉ ከፍ ያለበት ጋ ነው የሚቀመጠው። ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። አንድ ጠዋት አቦል ተቀዳ፣ በርጩማው ባዶ ነው። «ትመጣለች» አልን። ቶና ሊቀዳ ሲል አንዷ ስኒዋን አስቀምጣ ተነሳችና ሄደች። ስትገባ ላብ በላብ ሆና፣ አንደበቷ ተሳስሮ አልጋ ላይ አገኘቻት። ኢንሱሊን ወግታ፣ ቁርስ ሳትበላ መልሳ ጋደም ብላ ነበር። ስኳሯ ወርዷል። ደግነቱ ነቅታ ነበር፣ መዋጥም ትችላለች፤ ስኳር በጥብጠን በትንሽ በትንሹ ሰጠናት። ቆይታ ቀና አለች፣ ምግብ በላች፣ ለበረካ ደረሰች። ከዚያ ይዘናት ወደ ሕክምና ሄድን። (ራሷን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ነው።)

ያን ቀን ቡና ባይኖር ማን ያውቅ ነበር? ልጆቿ አዲስ አበባ ናቸው፤ ምናልባት ማታ ሲደውሉ ይሆናል የሚያውቁት። ሐሜቱን በተመለከተ፣ አንድ ሁለት ሰው መርጠሽ በትንሹ ጀምሪ። ስለሌለች ሰው ወሬ ሲነሳ «እሱን ተዉት» ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ይኮረፋል፣ ከዚያ ይለመዳል። ቡናውን አትተዪ።

ግፊት አለብኝ፣ ቡና ልተው?

ሐኪምዎ ካልከለከሉዎት መጠኑን ቀነስ አድርገው ይጠጡ። ጨው የሚጨመርበትን ግን ይተዉት፣ ጨው የበዛበትን የቡና ቁርስም እንዲሁ። ለሁላችሁም፦ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥላችሁ አስገቡ፣ በርና መስኮት ክፈቱ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ከመንደራ፦ ሰው በበዛበት መዋል ጉንፋን አያስይዝም?

ያስይዛል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፣ አይደል? በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ግን ለ276 ፈቃደኞች አፍንጫቸው ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ጨምሮ ተከታተላቸው። ከብዙ ዓይነት ሰው ጋር፣ ማለትም ከቤተሰብ፣ ከጎረቤት፣ ከሥራ ባልደረባ፣ ከማኅበር ጋር ግንኙነት ያላቸው በጉንፋን የመታመም ዕድላቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። እኔን በጣም ነው የገረመኝ። ይሄ ግን ለቲቢ አይሠራም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ቤት ውስጥ ካለ አክታ ይመርመር፣ መስኮት ይከፈት።

አራስ ነኝ፣ ጠያቂ በዛብኝ። እንግዳ ልከልክል?

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ሁሉንም አትከልክዪ፣ ግን ለዪ። ከወሊድ በኋላ ብቻዋን የቀረች እናት ለድብርት ትጋለጣለች። ገንፎ የሚያገነፋ፣ ጨርቅ የሚያጥብ፣ አንቺ ስትተኚ ሕፃኑን የሚይዝ ሰው ያስፈልግሻል። ቁጭ ብሎ ምሳ የሚጠብቀውን ግን ባለቤትሽ በትሕትና ይሸኘው። የሚያስለው አይግባ። ሕፃን አይሳም፣ እጅ ሳይታጠብ አይታቀፍ። «ሲስተር ነች ያለችው» በዪ፣ በእኔ ይኮረፍ።

ገጠር ስሠራ ያየሁት ትዝ አለኝ። በጅማ ዞን ብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ አላቸው፤ ቤታቸው ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲደርስ መጥተው የሚቆዩበት። ባዶ ክፍልና አልጋ ብቻ ሲሆን እናቶች ተሰላችተው ይመለሱ ነበር። ጀበናና ረከቦት ሲገባ፣ አብረው ሲያፈሉ፣ የወለደችው ያልወለደችውን ስታበረታታ፣ መቆየት ጀመሩ።

ዕድር ለሞት ብቻ ነው እንዴ? እኛ አባላት በቁማችን ብንጠያየቅስ?

ይሄን ጥያቄ ነው ስጠብቅ የነበረው! ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ የስም ዝርዝሩ አለ። የሞተ ቀን ሁሉም ይወጣል። ያው ሰውዬ ግን ከመሞቱ በፊት ስድስት ወር አልጋ ላይ ሲቆይ ስንቱ ገባ? በየወሩ ስብሰባ ላይ አንድ ተጨማሪ አጀንዳ ያዙ፦ በዚህ ወር ማን አልታየም? ለእያንዳንዱ ሁለት ሰው መድቡ። በተለይ ሚስቶቻቸው የሞቱባቸውን ወንዶች አትርሱ። ቡናውንም ዘመዱንም ስትጠራ የነበረችው እሷ ናት፤ እሷ ስትሄድ ቤቱ ጭር ይላል።

ብዙ ወጪም አይጠይቅም። ዚምባብዌ ውስጥ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠለጠኑ አያቶች ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው የተጨነቀ ሰው ያዳምጣሉ። ሲጠናም የሰዎቹ ድብርትና ጭንቀት ቀንሶ ተገኝቷል። አዳማጭ አያት ደግሞ እኛ ጋ ሞልቷል።

ከጓደኞቼ ጋር የምገናኘው ጫት ላይ ብቻ ነው። እሱም አብሮ መሰባሰብ አይደል?

ነው፣ ጓደኝነቱን አልንቅብህም። ጫቱ ግን እንቅልፍህን ይወስዳል፣ ግፊት ያነሳል፣ ምግብ ያስጠላል። ከእነዚያው ጓደኞችህ ጋር ሌላ ነገር ሞክር፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ በእግር ውጡ። ያለ ጫት የሚጠፋውና የማይጠፋው ያኔ ይለያል።

ወንድሜ የአእምሮ ሕመም አለበት። ቤተሰቡ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ያስገባዋል።

ይሄ ልቤን ነካው። ጅማ ላይ የአእምሮ ሕክምና አለ፣ ውሰዱት፣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። ጸበልም ዱዓም የሚሄድ ከሆነ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። ከዚያ ደግሞ ቡና ሲፈላ አብሮ ይቀመጥ። ሲኒ ያድል። መጀመሪያ እንግዳው ይደነግጣል፣ ሦስተኛው ቀን ላይ «ያ ልጅ የታለ?» ይላል። የሚደብቀው ቤተሰብ አፍሮ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ጓዳ ውስጥ የዳነ ሰው አላየሁም።

የመጨረሻ፦ እናቴ አጋሮ ብቻዋን ናት፣ እኔ አዲስ አበባ። በየቀኑ መደወል ይበቃል?

ይጠቅማል፣ በተለይ ሰዓቱ አንድ ከሆነ። ትጠብቀዋለች፣ ሳትመልስ ስትቀርም ወዲያው ታውቂያለሽ። ግን ስልክ በር አይከፍትም። የሁለት ጎረቤቶቿን ቁጥር ዛሬ ያዢ፣ አንዷ ጋ የቤቱ ትርፍ ቁልፍ ይቀመጥ። ስትሄጂ ለእነሱም ስኳርም ቢሆን ይዘሽ ሂጂ። ከእናትሽ ጋር ስታወሪ ደግሞ «ደህና ነሽ?» ብቻ አትበዪ፤ «ደህና ነኝ» ነው የምትልሽ። «ዛሬ ቡና ማን ጋ ጠጣሽ?» በያት።