የከተማ ሲኒማ ቤት በምን ገንዘብ ይተዳደር? ጥያቄና መልስ

የከተማ ምክር ቤት ሲኒማ ቤት ከፍቶ በድጎማ ማስተዳደር ይችል እንደሆነ፣ ገንዘቡም ከየት እንደሚመጣ ከተለያዩ የጎጃም ከተሞች ጥያቄዎች ቀርበውልኛል። በማዘጋጃ ቤት ፋይናንስ ሥራ ላይ የቆየሁ በመሆኔ እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ የውኃና የውስጥ ለውስጥ መንገድ ችግር እያለብን ለሲኒማ በጀት መያዝ ተገቢ ነው ብለው ያምናሉ?

ውኃ እንደሚቀድም አልከራከርም። ከውኃው ጋር የሚሻማው ግን ጣሪያ ያልተበጀለት ድጎማ ነው፤ ምክር ቤቱ በዓመት የሚሰጠውን ከፍተኛ መጠን አስቀድሞ ወስኖ በበጀት ሰነዱ ላይ በስሙ ካሰፈረው፣ ነዋሪው ምን ያህል ለምን እንደወጣ አይቶ መጠየቅ ይችላል። ወጣቱ ከትምህርትና ከሥራ መልስ ከመጠጥ ቤትና ከጫት ቤት ሌላ የሚያመሽበት ቦታ ማግኘቱ የከተማ አገልግሎት እንጂ ቅንጦት ነው ብዬ አላምንም።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ታዲያ ገንዘቡ ከየትኛው ምንጭ ይምጣ?

በመጀመሪያ ግንባታውንና ሥራ ማስኬጃውን መለየት ያስፈልጋል። ግንባታው ወይም የነባር አዳራሽ እድሳቱ ከካፒታል በጀት ይሸፈን፤ የሊዝ ገቢ መሬቱ አንዴ ከተላለፈ በኋላ የማይደገም ስለሆነ ለዚሁ ይዋል እንጂ ለደመወዝ አይዋል። ሥራ ማስኬጃው ግን በየዓመቱ የሚመላለስ ገቢ ይፈልጋል። እኔ የምመርጠው ሕንፃው ሲሠራ በምድር ቤቱ የሚከራዩ ሱቆች እንዲኖሩትና የኪራያቸው መጠን ለሲኒማው የድጎማ መነሻ እንዲሆን ነው። ገቢው ወደ ከተማው የጋራ ቋት ስለሚገባ፣ ምክር ቤቱ ተመጣጣኙን ገንዘብ በየዓመቱ በወጪ መደብ ካላጸደቀው ኪራዩ ለሌላ ጉዳይ መዋሉ አይቀርም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም ለከተሞች ቋሚ ምንጭ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ገና ያልተሰበሰበ ገንዘብ ላይ ሲኒማ መመሥረትን አልመክርም።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ድጎማ ማለት ትኬቱን ለሁሉም ማርከስ አይደለም እንዴ?

አይደለም፤ ብዙ ምክር ቤቶች ሊሳሳቱ የሚችሉትም እዚህ ላይ ስለሆነ በቁጥር ላሳይ። ለአብነት ትኬቱ 100 ብር ነው እንበል። ቤቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነ 15 በመቶው ታክስ ሲነሣለት ወደ 87 ብር ይቀራል፤ ከዚህ ግማሹ በውል ለፊልሙ ባለቤት ይሰጣል ብንል ለቤቱ የሚቀረው 43 ብር ከ50 ሳንቲም ያህል ነው። የአንድ ማሳያ ወጪ፣ ማለትም የሠራተኛው፣ የመብራቱ፣ የጥበቃውና የጽዳቱ፣ 4,000 ብር ቢሆን ቤቱ ወጪውን ለመሸፈን 92 ተመልካች ያስፈልገዋል። ትኬቱን ለሁሉም 60 ብር ብናደርገው ያው ወጪ የሚሸፈነው በ154 ተመልካች ነው። ያን ያህል ሰው ካልመጣ ጉድለቱ ይሰፋል፤ መቶ ብር መክፈል የሚችለው ነጋዴም ሳያስፈልገው ተደጎመ ማለት ነው።

ስለዚህ የትኬቱ ዋጋ ባለበት ይቆይና ተማሪው መታወቂያውን አሳይቶ 60 ብር ይክፈል፤ ቀሪውን 40 ብር ምክር ቤቱ በየወሩ መጨረሻ በር ላይ ለተቆረጡት የተማሪ ትኬቶች ቁጥር ልክ ይክፈል። እንዲህ ሲሆን ገንዘቡ ተመልካቹን ይከተላል፤ ባዶ ወንበር ድጎማ አይወስድም፤ ኦዲተሩም ጉርዱን ከሒሳቡ ጋር ያመሳክራል።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ የሌሎች አገሮች ልምድ ምን ይመስላል?

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1913 ባወጣችው ሕግ የሲኒማ ፈቃድን ለማዘጋጃ ቤቶች ሰጠች፤ ብዙዎቹም ራሳቸው ሲኒማ ቤት ያስተዳድሩ ነበር። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የፈረንሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች ትናንሽ ሲኒማ ቤቶችን እንዲደጉሙ ፈቅዷል፤ ዛሬ ወሰኑ በሳምንት በአማካይ ከ7,500 ያነሰ ተመልካች ያለው ቤት ሲሆን፣ ድጎማውም ከቤቱ ዓመታዊ ሽያጭ ከ30 በመቶ ማለፍ የለበትም። መቶኛውን እንዳለ መቅዳት አያስፈልግም። የምወድለት ቤቱ ቢያንስ አብዛኛውን ገቢውን ከተመልካቹ እንዲያገኝ ማስገደዱን ነው።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ የግል ቪዲዮ ቤቶችን አያከስርም?

ምክር ቤቱ አዳራሹን ይዞ ሥራውን ለግል ወይም ለማኅበር በግልጽ ጨረታ ቢሰጥ የቪዲዮ ቤት ባለቤቶችም መወዳደር ይችላሉ። እኔም ይህን እመርጣለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ተመርቆ ከሁለት ዓመት በኋላ የስብሰባ አዳራሽ እንዳይሆን ምን ይደረግ?

ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ መነሻውም አብዛኛውን ጊዜ የመተኪያ ገንዘብ አለመያዝ ነው። የዜኖን አምፖል የሚጠቀም ፕሮጀክተር ከተገዛ አምፖሉ የሚያገለግለው እንደ ዓይነቱ ከ1,000 እስከ 2,000 ሰዓት ገደማ ነው፤ በቀን አምስት ሰዓት ከበራ ረጅም ዕድሜ ያለው እንኳ ከአንድ ዓመት ብዙም ሳይዘል ያልቃል። የሌዘሩ ፕሮጀክተር ከ20,000 ሰዓት በላይ ሊያገለግል ይችላል፤ መግዣው ግን ውድ ነው። ሁለቱም ቢሆኑ አቧራና የሚዋዥቅ መብራት ይጎዳቸዋል። ስለሆነም የኃይል ማረጋጊያ፣ ጄኔሬተርና ነዳጅ በዕቅዱ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ከእያንዳንዱ ትኬትም ጥቂት ብር ለመለዋወጫ ብቻ በሚከፈት ሒሳብ ይቀመጥ፤ ለሌላ ጉዳይ እንዳይነካም በውሉ ላይ ይጻፍ።

ሌላው የጊዜው ጉዳይ ነው። በእኛ አገር በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ተመልካች እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ ክረምቱም ማምሻውን ከቤት አያስወጣም። ከተማሪ ትኬት ውጭ ቋሚ ወጪ የሚደጎም ከሆነ በአራት እኩል ክፍያ አይከፋፈል፤ በሐምሌና ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ሩብ ዓመት ከፍ ብሎ፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ወራት ዝቅ ይበል። የክፍያ ሰሌዳውም ሐምሌ 1 ቀን የበጀት ዓመቱ ከመግባቱ በፊት ከበጀቱ ጋር አብሮ ይጽደቅ።