ቱነር ሳታስተላልፍ ነው መስተካከል የሚጀምረው

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ 100 ዋት የአማተር ሬዲዮ ትራንሲቨርህን (መቀበያና ማስተላለፊያ ሬዲዮህን) ሳታቃጥል ያን በእጅ የሚዞር ቱነር፣ ማለትም ሬዲዮውን ከአንቴናው ጋር የሚያጣጥመውን ሳጥን፣ እንዴት እንደምታስተካክል፤ ሁለተኛ፣ የኤስደብሊውአር መርፌው (ሬዲዮውና አንቴናው ምን ያህል እንደተጣጣሙ የሚያሳየው፤ 1 ለ 1 ፍጹም ነው) 1 ለ 1 ላይ አልቀመጥ ማለቱ ያሳስብ እንደሆነ። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ አያሳስብህ። ኤስደብሊውአር 1.5 ለ 1 ሲሆን ወደ ሬዲዮው የሚመለሰው ኃይል 4 በመቶ ነው፤ 2 ለ 1 ላይ 11 በመቶ ገደማ። ማዶ የሚሰማህ ሰው ልዩነቱን አያውቀውም። ከ1.5 በታች ካገኘህ እጅህን አንሳ።

ወደ ዋናው ልግባ። ገና ምንም ሳታስተላልፍ የቱነሩን ሁለት የካፓሲተር ማዞሪያዎች መሃል ላይ አድርግና የኢንዳክተሩን (የሽቦ ጥቅልሉን) ማዞሪያ አንድ በአንድ እየቀየርክ አዳምጥ። አንዱ ቦታ ላይ የባንዱ (የምትሰማበት የፍሪኩዌንሲ ክልል) ጫጫታ ድንገት ይጎላል፣ የሚገባውን ምልክት ጥንካሬ የሚያሳየው ኤስ ሜትርም ብድግ ይላል። እዚያ ተወውና ካፓሲተሮቹን ቀስ እያልክ ጫጫታው ይበልጥ የሚጠነክርበትን ፈልግ። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ማስተላለፊያውን ይጫናል፤ ቱነሩ ከቦታው በጣም ርቆ ሳለ ኃይል ሲለቀቅበት ነው ሬዲዮው የሚጨነቀው።

ከዚያ ኃይሉን 10 ዋት አድርግ። አምፕሊፋየር (ኃይል ማጉያ) ካለህ ከመንገድ አውጣው። ሞዱን (የማስተላለፊያ ዘዴውን) ወደ ሲደብሊው (ሞርስ) ወይም ኤፍኤም ቀይር፤ በተለመደው የድምፅ ሞድ በኤስኤስቢ ካልተናገርክ የሚወጣ ነገር የለም፣ ማይክ ላይ ብታፏጭም መርፌው ይዘላል እንጂ ቁም ነገር አይነግርህም። ፍሪኩዌንሲው ነፃ መሆኑን ጠይቅ፣ የጥሪ ምልክትህን ተናገር። 14.074 ሜጋኸርዝ የኤፍቲ8 (በኮምፒውተር የሚደረግ ዲጂታል ግንኙነት) ሰፈር ነው፣ 14.100 ደግሞ የዓለም አቀፍ ቢከኖች (ያለማቋረጥ የሙከራ ምልክት የሚልኩ ጣቢያዎች) ቦታ ነውና አትንካቸው። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ከአዲስ አበባ ሲወጣ ጥሪው ላይ ተደርቦ ቱነሩን የሚያስተካክል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። 5 ኪሎኸርዝ ራቅ ማለት ምን ያስከፍላል?

ቁልፉን ተጫንና የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳየውን መርፌ ተመልከት። አንዱን ካፓሲተር ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ፣ እያፈራረቅህ አውርደው። ከጥቂት ሰከንድ በላይ አትያዝ፤ ልቀቅ፣ ሬዲዮው ይተንፍስ፣ ድገም። የኢንዳክተሩን ማዞሪያ ግን ኃይል እየወጣ ሳለ በፍጹም እንዳትነካ። በሁለቱ መገናኛዎች መካከል ብልጭታ ይፈጠርና ብረቱን ይበላዋል፣ ሬዲዮውም ለቅጽበት ያለ ጭነት ይቀራል። መጀመሪያ ልቀቅ፣ ቀይር፣ ከዚያ ተጫን።

የአንተ ዓይነት ሁለት ካፓሲተርና አንድ ኢንዳክተር ያለው ቱነር ከአንድ በላይ ቦታ ላይ ዝቅተኛ ኤስደብሊውአር ሊያሳይህ ይችላል። መርፌው ብቻ እንዳያታልልህ፤ ኢንዳክተሩ ትንሹ፣ ካፓሲተሮቹ ደግሞ በተቻለ መጠን የተዘጉበትን (ሳህኖቻቸው እርስ በርስ የገቡበትን) ምረጥ። ያለዚያ ኃይልህ ወደ አንቴናው ሳይሆን ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ጥቅልል ሲያሞቅ ይውላል። ያገኘኸውን ቁጥር በየባንዱ ወረቀት ላይ ጽፈህ ክዳኑ ላይ ለጥፈው፤ በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው የምትጀምረው።

አሁን ኃይሉን ወደ 50፣ ቀጥሎ ወደ 100 ከፍ አድርግ። በ10 ዋት የተረጋጋው መርፌ በ100 የሚዘል ከሆነ፣ ወይም ከሳጥኑ ውስጥ ጠጠጠ የሚል ድምፅ ከሰማህ፣ ካፓሲተሩ ውስጥ ብልጭታ እየተፈጠረ ነውና ወዲያው አቁም። የአንቴናውን ሽቦ ጫፍም ማንም፣ በተለይ ልጆች፣ እንዳይደርስበት ከፍ አድርገህ እሰረው፤ በትንሽ ዋት እንኳ ጣት ያቃጥላል።

ከቱነሩ ወዲያ ወደ አንቴናው በሚሄደው ገመድ፣ በኮአክሱ፣ ላይ ያለው ኤስደብሊውአር ግን እንደነበረ ነው፣ ቱነሩ ሬዲዮውን እንጂ ሽቦውን አያስተካክልም። ኮአክስህ ረጅምና ቀጭን ከሆነ ብዙ ኃይል እዚያው ይቀራል። የሽቦውን ርዝመትና የኮአክሱን ዓይነት ጻፍልኝና እናየዋለን።